የሽቦ ቀፎዋና የባሌ ዓይን

ባሌ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ፍሪጅ ሲያቀዘቅዝ ኖሮ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ፀሐይ ልሥራ ብሎ ተነሳ። ቀልዴን አይደለም። ጓሯችን ባለችው የዕቃ ክፍል፣ በአሮጌ ፓምፕና ከተጣለ የወተት ማሽን በተቆረጠ ብረት፣ ፀሐይ!

"እንዴ፣ አንተ ሰው! ደጅ ያለችው ምን አጠፋች?" አልኩት።

"ያቺ የሁሉም ናት" አለኝና ፒንሳውን ፍለጋ ሄደ።

ሰፈሩ ስሙን ረስቶታል፤ "በረዶ" ነው የሚለው። ከሥራው የመጣ ስም ነው ይባላል፤ ሰውዬውን ለሚያውቅ ግን ሌላም ምክንያት አለው። አይቸኩልም። ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ መነጽሩን ይፈልጋል፣ ቀጥሎ መነጽሩን ይወለውላል፣ ከዚያ "ምንድነው የሚሸተው?" ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ሲሮጥ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ቁልቁለት ላይ ነበር፣ ፈልጎ አይደለም። እጁን ግን አላማውም፣ እጁ ወርቅ ነው። እሱ የበየደው ቱቦ አፍሶ አያውቅም። ደንበኛ ሲጨቀጭቀው "የኔ ብየዳ አያፈስም" ይላል፤ ሌላ ነገር አይጨምርም።

እኔ ደግሞ ጥርስ ሠሪ ነኝ። ሐኪሞቹ የታካሚውን አፍ ልክ በጄሶ ይልኩልኛል፣ እኔ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሠርቼ፣ የልጆቹን የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ አጥፌና በይጄ እመልሳለሁ። የሠራሁት ሽቦ የአንዲት ልጅ ምላስ ከቧጨረ እናቷ በማግስቱ በሬ ላይ ናት። ስለዚህ ሹል ጫፍ ስጠላ ለጉድ ነው።

ባሌን ምን እንደነካው ልንገራችሁ። ስልኩ ላይ አንድ ሰው ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ትንሽ ኮከብ ሲያበራ አየ። አለቀ። "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ" አልኩት፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ሁለት ጫፉ የተዘጋ፣ ጎኑ ላይ የመስታወት መስኮት ያለው ወፍራም የብረት ቱቦ አለ፣ አየሩን በፓምፕ ይመጠዋል። ይሄ ለፍሪጅ ሰው የዕለት ሥራው ነው፤ ጋዝ ከመሙላቱ በፊት ሁሌ ያደርገዋል። ቱቦው መሃል ብርቱካን የምታህል የሽቦ ቀፎ ትንጠለጠላለች። እሱ "ግሪድ" ይላታል፣ እኔ ቀፎ እላታለሁ። ከአሮጌ የኒዮን ማስታወቂያ የተነቀለ ትራንስፎርመር ብዙ ሺህ ቮልት ይሰጣታል። ውስጥ የቀረችው ጥቂት አየር ኤሌክትሪክ ይይዛትና ወደ ቀፎዋ ትሮጣለች፣ በሽቦዎቹ መሃል ሾልካ እምብርቷ ላይ ትጋጫለች። ልዩ ጋዝ ቢገባና ኃይሉ ቢበረታ ከሚጋጩት ቅንጣቶች አንዳንዶቹ ይዋሃዳሉ አሉ፤ ፀሐይ ሆድ ውስጥም የሚሆነው ይሄው ነው።

እኛ ቤት ልዩ ጋዝ የለም፤ ኃይሉንም ቢሆን እኔ አልፈቅድም። ከፍ ካለ ኤክስሬይ ይወጣል፣ እኔ ደግሞ ከጥርስ ሐኪም ጋር የምውል ሰው በኤክስሬይ አልቀልድም። ትንንሾቹን የጥርስ ኤክስሬይ ፊልሞች አምጥቼ የቱቦው መስኮት ላይ ለጠፍኩበት። ታጥበው ጨረር እንዳልነካቸው ንጹሕ ሆነው ሲወጡ ነው ዝም ያልኩት። እና ፀሐይ ማለቱ ለወሬ ነው። የሚፈልገው ኮከቧን ነው። ቀፎዋ ካማረችና ልኳን ከጠበቀች መሃሏ ላይ ብርሃን ይቋጠርና በየቀዳዳዋ ጨረር ይወጣል። ያንን በዓይኔ ልይ ነው የሚለው፣ በዓይኔ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ "በዓይኔ" የሚለው ነገር ነበር። አባቱ ስልሳ ሳይሞላቸው ነው ዓይናቸው የጠፋው። ታላቅ ወንድሙ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሱም በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ጨለመበት። ግላኮማ ነው አሉት፤ የዓይን ግፊት፣ አያምም፣ አይታወቅም፣ ከጎን ከጎን እየበላ ይገባል። ሐኪሙ ያኔ ለጋሼ "ወንድም ካለህ በየዓመቱ ይታይ፤ በጊዜ ከተደረሰበት በጠብታ ይቆማል" ብሎታል። ወንድሙ እነሆ በረዶ ነው። አንድም ቀን አልታየም።

"ሰኞ እንሂድ" እላለሁ።

"ኮከቧ ትብራና እሄዳለሁ።"

"ኮከቧ ካልበራችስ?"

"ትበራለች።"

"ላም አለኝ በሰማይ!"

እንዲህ እያልን ወሩ በወር ላይ ተደረበ። ቀፎ በተበላሸ ቁጥር የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ አብሮ ይበላሻል። ፈርቶ እንደሆነ አላጣሁትም። አባቱን እጃቸውን ይዞ የመራው እሱ ነበር፣ ጋሼንም እሱ ነው የመራው፤ ሐኪሙ ቤት ገብቶ ተራህ ነው መባሉን ፈራ። ፈራሁ ብሎ ግን አይናገርም፤ ሽቦ ያጥፋል እንጂ።

የመጀመሪያዋ ቀፎ ከሞተር ጥቅል በወጣ የመዳብ ሽቦ የተሠራች ነበረች። ለፍሪጅ ሰው መዳብ እናትም አባትም ነው። ኤሌክትሪኩ ሲመጣባት ቀላች፣ ለሰለሰች፣ ከዚያ እንደ ጠወለገ ቅጠል አንገቷን ደፍታ ቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። መብራቱ ከነጎረቤታችን ጠፋ። ጎረቤታችን ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው፤ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው "ልጄ፣ ፀሐይዋ ጠለቀች እንዴ?" አሉት።

ሁለተኛዋን ከማይዝግ ሽቦ ሠራት፤ ሽቦው በሽቦው ላይ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ጠምዝዞ በማሰር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲያሳየኝ ያ ሁሉ የተጠመዘዘ ጫፍ እሾህ መስሎ ወጥቶ አየሁት። ምላሴ ራሱ የተቧጨረ መሰለኝ።

"እነዚህ ጫፎች ቢሞረዱ አይሻልም?" አልኩት።

ቀና ብሎ ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "እመቤት፣ ይሄ ጥርስ አይደለም።"

እህ! ሃያ ስምንት ዓመት ሽቦ ሳጥፍ ኖሬ! "እሺ ጌታዬ" አልኩና አፌን ዘጋሁ። ያን ቀን የዘጋሁትን አፍ ለአሥራ አራት ወር አልከፈትኩትም። ማለቴ ለቁም ነገር አልከፈትኩትም፤ ለቀልድማ መች ተዘግቶ ያውቃል። ሁለተኛዋ ቀፎ ኤሌክትሪክ በተሰጣት ቁጥር ከእያንዳንዱ ጫፍ እሳት እየተፈናጠረ ጣ! ጣ! ጣ! አለች። ኤሌክትሪክ ሹል ነገር ይወዳል፤ ሹል ካገኘ ሌላውን ሁሉ ትቶ እዚያ ይሰፍራል። በር ላይ ቆሜ "ኮከቧ እያስነጠሳት ነው፣ ጉንፋን ይሆን?" አልኩት። አልሳቀም።

ለሦስተኛዋ ብየዳ ቤት ሄዶ ቱንግስተን የሚሉትን ሽቦ ለምኖ መጣ። እሳት አይፈራም፣ ነገር ግን ግትር ነው፤ ሊያጥፉት ሲሉ ቀጭ ይላል። አሙቆ አሙቆ እንደምንም አጠፈው። ቀፎዋ አልቀለጠችም። ሽቦዋ ግን እርሳስ ያህል ወፍራም ስለነበረች ወደ መሃል የሚሮጠው ሁሉ መንገድ ላይ ሽቦውን እየመታ ይቀራል፤ ቀፎዋ ራሷ እንደ ምድጃ ትቀላለች፣ መሃሏ ባዶ ነው። በማግስቱ ሊያወጣት ሲል ክርኑ ነካትና ሦስት ቦታ ተሰበረች።

ያን ቀን ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። "ወፍራም ካደረግኳት መንገድ ትዘጋለች፣ ቀጭን ካደረግኳት ትቀልጣለች" አለኝ።

"ይሄማ ትዳር ነው" አልኩት።

አራተኛዋ ላይ ግን የሠራው ስህተት የፍሪጅ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው። ቀጭን የማይዝግ ሽቦ መረጠ፣ ጥሩ። ጫፎቹን አልጠመዘዘም፣ ይሄም ጥሩ። መገናኛዎቹን በምን አያያዛቸው? በሚኮራበት በብር ብየዳው! ያ አፍሶ የማያውቀው ብየዳ። አሥራ ሁለት ነጥብ ላይ የብር ጠብታ አስቀመጠ፣ ወለወለ፣ ሰቀላት። እንደ ጌጥ ታምር ነበር፣ አልዋሽም። ኤሌክትሪኩን ሲሰጣት ለአንድ ደቂቃ ያህል መሃሏ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ማለት ጀመረ። "ነይ! ነይ!" ብሎ ጮኸ። በረዶ ሲጮህ ሰምቼ ስለማላውቅ የሞተ ሰው ያለ መስሎኝ እየሮጥኩ ገባሁ። ስደርስ የቱቦው መስኮት የፊት መስታወት ሆኗል። የእሱ ግንባርና የእኔ ሻሽ ብቻ ይታያል።

ብሩ ነው። አየር በሌለበት ቦታ፣ ያን ያህል ሙቀት ሲያገኝ፣ ብየዳው ቀለጠና ተነነ፤ የተነነው መስኮቱ ላይ ሄዶ ተለጠፈ፤ ቀፎዋም መገናኛዎቿ ተፈትተው ተበታተነች። ሰውዬዬ ቅስሙ ተሰበረ። በሰላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብየዳው ከዳው። በኋላ ሲያስረዳኝ፣ ብር ባይኖርባትም ማንኛዋም ቀፎ በተመታች ቁጥር ከላይዋ ትንሽ ትንሽ ትረግፋለች፣ የረገፈው መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፣ ውሎ አድሮ መጥቆሩ አይቀርም አለኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በዚያው ሳምንት ወጥ ቤት ሲገባ በግራ በኩል ተከፍቶ ከነበረው የቁም ሳጥን በር ጋር ተጋጭቶ ቅንድቡን ተረተረው። በሩ ጠባብ አይደለም፣ የተደበቀም አይደለም፣ አጠገቡ የተገተረ ነው። ደሙን እየጠረግኩ "ሰኞ ሐኪም ቤት" አልኩት።

"አንቺ ነሽ በሩን ከፍተሽ የምትተዪው። ኮከቧ ትብራና እሄዳለሁ።"

ጥጡን ይዤ ቆምኩ። ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ኮከቧ ካልበራች አይሄድም፣ እሱ ከሠራት ኮከቧ አትበራም። ታዲያ ማን ይሥራት?

በማግስቱ ሥራ ቦታዬ የሁለት ልጆችን የጥርስ ሽቦ ወደ ጎን አልኩና ለራሴ ጉዳይ ተቀመጥኩ። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ የማይዝግ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ቅርጹን ይይዛል። ሁለት የመዳብ ጫፍ ያላት ትንሽ መበየጃ አለችኝ፤ ሽቦውን በሽቦ ላይ አድርጌ እግሬን ስጫን ቲክ ትልና ብረቱ ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል፤ ብር የለ፣ ሌላ ማጣበቂያ የለ። ሦስት ክብ ሠራሁ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ አሳለፍኩ፣ ስድስት ቦታ ቲክ አደረግኩ። ስምንት ቀዳዳ ወጣት። ጫፎቿን ሞርጄ፣ ጥርስ በምወለውልበት ብሩሽ ወልውዬ ጉንጬ ላይ አሸኋት። አልቧጨረችኝም። ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ ልንገራችሁ? ከምሳ በፊት ጀምሬ ከምሳ በፊት ጨረስኩ።

ለካ ያን ያህል ነበረች።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አዟዟራት፣ ለመብራት አስጠጋት፣ በጥፍሩ መገናኛዎቿን ቆረቆረ።

"በምን በየድሻት?"

"በጥርስ።"

"አታላግጪ።"

"እሰቅላታለሁ ካልክ እነግርሃለሁ። ግን ከበራች ሰኞ ዓይንህን ትታያለህ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲባል አልሰማህም?"

"ሁለት ነው ያለኝ" አለ። ቢሆንም እጁን ዘረጋና ተጨባበጥን፣ ልክ እንደ ነጋዴ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ መጣ። በዘንጉ መሬቱን እየነካ ጓሮውን አቋርጦ ገባና የፓምፑን ድምፅ ተከትሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። በየቀፎው ሞት ላይ ተገኝቶ ያውቃል፤ "ለቀብር ነው የምመጣው" ይላል። እኔን ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላም "ሙሽሪት" እንዳለኝ አለ።

"ሙሽሪት፣ ዛሬስ ማን ነው ሟቹ?"

"ዛሬ ሰርግ ነው ጋሼ። ሥራው የኔ ነው።"

"እንግዲያው ልብሴን ሳልቀይር መጣሁ!"

መጋረጃውን ዘጋን። መስኮቱን እኔው በእጄ አጥቤው ስለነበር ጠብታ ውሃ ይመስላል። የመስኮቱ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ተጠግቶ የሚያይ በአንድ ዓይን ነው የሚያየው፤ መጀመሪያ ግን ራቅ ብለን ነው የቆምነው። በረዶ ኃይሉን ቀስ ብሎ ከፍ አደረገ። ለጥቂት ደቂቃ እዚህም እዚያም ብልጭ ብልጭ አለ። "አዲስ ቀፎ እንዲህ ናት፣ ላይዋ ላይ ያለውን እድፍ እያራገፈች ነው" አለ። ከዚያ ብልጭታው ሰከነ። ሽቦዎቿ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሆኑ፣ አልተጣመሙም፣ አላዘነበሉም። መሃሏ ላይ ሐምራዊ ነጥብ ተቋጠረች፣ ወፈረች፣ ከእያንዳንዷ ቀዳዳ አንድ አንድ ቀጭን ጨረር ሰደደች።

እኔ የምቀልድ ሴት ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ቃል አጣሁ። እጄ የሠራት ናት። ስምንት ጨረር፣ አንድም ሳይጎድል።

"በራች?" አለ ጋሼ። ጸጥታችን ነግሮታል።

"በራች ጋሼ" አልኩት።

በረዶ ጎንበስ ብሎ እንደልማዱ ግራ ዓይኑን መስኮቱ ላይ አደረገ። ሲያይ ቆየ፣ ቆየ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት፤ ሊያለቅስ ነው ብዬ ጀርባውን ልነካው እጄን ዘረጋሁ።

"ታምራለች" አለ። "ግን ቀፎሽ በግራ በኩል ተደፍናለች።"

"ምን?"

"ጨረሩ አምስት ነው። በግራ በኩል የለም። የሆነ ቦታ አዛብተሽ በይደሻል።"

"አንተን ነው ያዛባህ! ዞር በል!" ገፋ አድርጌው አየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት።

"ስምንት ነው" አልኩት።

ተመልሶ አየ። "አምስት። እ... መስኮቱ ነው። ነገርኩሽ እኮ፣ ከቀፎዋ የሚረግፈው ይለጠፍበታል። በዚህ በኩል ጠቁሯል።"

መስኮቱ ጠብታ ውሃ ነበር። እኔ እያየሁት፣ አንድ ጥላ አልነበረበትም። በዚያች ክፍል ውስጥ ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለእኔ አይደለም። በርጩማው ላይ ለተቀመጠው ነው።

"ወንድሜ" አለ ጋሼ በቀስታ፣ "እስቲ በሌላው ዓይንህ እየው።"

በረዶ ፊቱን አዙሮ ቀኝ ዓይኑን መስኮቱ ላይ አደረገ። ፓምፑ ይንዶቀዶቃል። ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። እንደገና በግራው አየ። እንደገና በቀኙ።

"ስንት ነው?" አለ ጋሼ።

በረዶ መስታወቱን በእጅጌው ወለወለ።

"እኔም የሱቄን መስታወት ነው ያማረርኩት" አለ ጋሼ። "ልብስ የምሰፋበት ሱቅ መስታወቱ አልታጠበም እያልኩ ሁለት ዓመት ሚስቴን አስለቀስኳት። በየጠዋቱ ታጥበዋለች፣ በየጠዋቱ እቆጣታለሁ። ስንት ነው አልኩህ?"

"ስምንት" አለ ባሌ። እጁን ዘርግቶ ኃይሉን ዜሮ ላይ መለሰው፣ እንደ ደንቡ ከመሬት ጋር በሽቦ የተያያዘችውን ብረት አስነክቶ የቀረውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ለቀቀው፣ ፓምፑን አጠፋ። አንድም ነገር አላጓደለም። ከዚያ የሚቀመጥበትን ፈልጎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ሰኞ እስኪደርስ ስንት ዘመን እንደሆነብኝ! ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ ልጃችን የምትሆን ወጣት ናት። አገጩን ማሽን ላይ አስደግፋ ግፊቱን ለካች፣ የብርሃን ነጥብ ባየ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን አደረገችው። ውጤቱን ወረቀት ላይ አወጣችልን፤ ግራው ዓይን ላይ በአንድ ጎን ጥቁር ቀለም ፈሶበታል። ቀኙ ገና ደህና ነው።

"የጠፋው አይመለስም አባባ" አለችው። "የቀረውን ግን በጠብታ እንጠብቃለን፣ ሳያቋርጡ ከወሰዱ እድሜ ልክዎን ያያሉ። ከዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ..." አለችና አልጨረሰችውም። ጎበዝ ልጅ ናት፣ መጨረስ አያስፈልገውም ነበር።

መድኃኒቱ እስኪሰጠን ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዓይኑ ውስጥ የጨመሩበት ነገር ብሌኑን አስፍቶታል፤ መብራቱ እያስቸገረው ወለል ወለሉን ያያል። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን ነገር ከዚያ በላይ መያዝ አቃተኝ። ሆድ ይፍጀው የሚባለው እንዲህ ላለው አይሆንም።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አልኩት።

"እ።"

"ሁለተኛዋን ቀፎ ጠረጴዛው ላይ ያየኋት ቀን አውቄ ነበር። እንደማትበራ። እኔ ብይዛት በአንድ ጠዋት እንደምጨርሳትም አውቄ ነበር። ጥርስ አይደለም ስላልከኝ ተናድጄ ተውኩህ። ከዚያ ደግሞ ስትለፋ ማየት... ደስ አለኝ። ሳቅኩብህ። ይህን ሁሉ ወር።"

አንዲት ሴትዮ ልጇን አቅፋ በፊታችን አለፈች።

"አሥራ አራት ወር" አለ።

"አሥራ አራት ወር።"

"ብትነግሪኝስ እሰማሽ ነበር?"

"አትሰማም ነበር።"

"እና?"

"እናማ አትስማ እንጂ ልነግርህ ይገባኝ ነበር! ሠርቼ ፊትህ ላይ ልወረውርልህ ይገባኝ ነበር!" አልኩና እንባዬ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። እሱ አይዞሽም አላለኝ፣ አልተቆጣኝምም። በጉልበቱ ላይ ያለውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ሲጠሩን ሄዶ ጠብታውን ተቀበለ። እውነቱን ለመናገር ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

በእግር ነው የተመለስነው። በቀኙ በኩል ነበርኩ፤ ከተጋባን ጀምሮ የምሄደው በዚያ በኩል ነው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ገበያው ጥግ ስንደርስ ሣጥን የጫነ የእጅ ጋሪ በግራው በኩል መጣ። ገፊው "መንገድ! መንገድ!" ይላል። ባሌ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ ድምፁን ከየት እንደሆነ እየፈለገ ነው፣ ጋሪው ግን ክርኑ ሥር ደርሷል። እጅጌውን ይዤ ወደ እኔ ጎተትኩት። የጋሪው ጠርዝ ኮቱን ታክኮት አለፈ። ገፊው ተሳደበ፣ እኔም አጸፋውን መለስኩለት።

ሁለታችንም ቆመን ትንሽ ተነፈስን። ከዚያ በጀርባው ዞርኩና በግራው በኩል ገባሁ።

"ለምን ዞርሽ?" አለኝ።

"እዚያ በኩል ጭቃ ነው።"

አጎንብሶ መንገዱን አየ። አንድ ወር ዝናብ አልጣለም።

"ደረቅ ነው" አለ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ትንሽ አሰበ፤ ሰውዬው መቼም አይቸኩልም። ከዚያ ግራ ክንዱን ከጎኑ ራቅ አድርጎ ከፈተልኝ፣ እጄን አስገባሁ፣ መንገዱን ተሻገርን።